ሥር የሰደደ የውሻ ሳል፣ የቻይና ዕፀዋት መድኃኒትና አመጋገብ፦ ከቅመማው የሚቀድመው ጥያቄ

መግቢያ

ሳሉ ወራት ያስቆጠረ፣ ሌሊት የሚብስበት፣ መድኃኒት ሲሰጠው ጥቂት ቀን ተሽሎት መልሶ የሚያገረሽበት ውሻ ያለው ሰው ሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ባለቤቶች በዚህ ፍለጋ ላይ ሳሉ የሚያገኙት አንዱ አማራጭ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። ሕክምናው የዕፀዋት ቅመማን፣ አመጋገብንና አኩፓንክቸርን አጣምሮ ይሠራል። በእንስሳት ሕክምናም የራሱ ሐኪሞችና ማሠልጠኛዎች አሉት፤ ለምሳሌ በፍሎሪዳ የሚገኘው የቺ ኢንስቲትዩት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል።

ይህ ጽሑፍ ሕክምናውን በደፈናው ለማወደስም ሆነ ለማጣጣል አልተዘጋጀም። ዓላማው ሦስት ነገሮችን ማብራራት ነው፤ እነርሱም የቻይና ሕክምና የውሻን ሳል እንዴት እንደሚረዳው፣ ከሚታዘዙት ዕፀዋት መካከል የአንዳንዶቹ አሠራርና አደጋ ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም አመጋገብ በእርግጥ ሊረዳ የሚችለው የት ላይ እንደሆነ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ «የትኛው ዕፅ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የትኛው ሳል?» የሚለው መመለስ አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ጉዳቱ የሚደርሰው ሕመሙን በቃል መግለጽ በማይችለው እንስሳ ላይ ነው።

ሳል ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም

በእንስሳት ሕክምና ከሁለት ወር ገደማ በላይ የቆየ ሳል ሥር የሰደደ ይባላል። መንስኤዎቹ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ውሾች በብዛት የሚታየው ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ ነው። በዚህ በሽታ የሳንባ ቅርንጫፍ ቧንቧዎች ያለማቋረጥ ይቆጣሉ፤ ግድግዳቸው ይወፍራል፤ አክታ አመንጪ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ አክታን ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሽፋኖችም ይጎዳሉ። የደረሰው ለውጥ በአብዛኛው ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ስለዚህ የሕክምናው ግብ መፈወስ ሳይሆን መቆጣጠር ነው።

እንደ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ ባሉ ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ የዋናው የአየር ቧንቧ ቀለበቶች ይላላሉ። ቧንቧው በትንፋሽ ጊዜ ይጣበቃል፤ ከዝይ ጩኸት ጋር የሚመሳሰል ደረቅ ሳልም ይሰማል። እንደ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንያል ባሉት ዝርያዎች የልብ ሚትራል ክዳን እያረጀ ደም ወደ ኋላ ሲያፈስ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ይሰፋል፤ የዚህ ክፍል መስፋት ከሳል ጋር ይያያዛል። ከእነዚህ ሌላ በትንኝ የሚተላለፈው የልብ ትል፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣው የሳንባ ትል፣ የሳንባ ምች እና ዕጢ በመንስኤነት ይጠቀሳሉ።

እነዚህን መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው። የደረት ራጅ፣ የሰገራና የደም ምርመራ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በብሮንኮስኮፕ የሚወሰድ የቧንቧ እጥበት ናሙና ዋነኞቹ መሣሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ኤፒክ የተባለው ሙከራ እንዳሳየው፣ የሚትራል ክዳን በሽታ ልባቸውን ያሰፋባቸው ነገር ግን ገና የልብ ድካም ያልጀመራቸው ውሾች ፒሞቤንዳን ሲሰጣቸው የልብ ድካሙ የሚጀምርበት ጊዜ በአማካይ 15 ወር ገደማ ዘግይቷል። ለአንድ ውሻ 15 ወር ረጅም ዕድሜ ነው። ባለቤቱ ሳሉን «የአክታ ጉዳይ» ብሎ ያለ ምርመራ በሻይና በዱቄት ሲያስታምም ቢከርም ይህን ጊዜ ሊያጣው ይችላል።

የቻይና ሕክምና ሳልን የሚያይበት መንገድ

በቻይና ሕክምና አስተሳሰብ ሳንባ ቺን፣ ማለትም የሕይወትን ኃይል፣ ወደ ታች የሚያወርድ አካል ነው። ሳል የሚመጣው ይህ ኃይል መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ሲያምፅ ነው ይባላል። ጣፊያ ከምግብና ከመጠጥ የተገኘውን ፈሳሽ ይለውጣል፤ ሲደክም ግን ፈሳሹ ረግቶ እርጥበት ይሆናል፤ እርጥበቱም ወደ አክታ ይለወጣል። ስለዚህ አክታ የሚፈጠረው በጣፊያ፣ የሚጠራቀመው ደግሞ በሳንባ ነው የሚል ጥንታዊ መርሕ አለ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። «ጣፊያ» ሲባል በአናቶሚ የምናውቀውን አካል ማለት ሳይሆን ምግብ መፍጨትንና ፈሳሽ ማዘዋወርን የሚጠቀልል የሥራ ስም ነው።

ሐኪሙ የምላስን ቀለምና ሽፋን ያያል፤ በኋላ እግር ውስጠኛ ጭን ላይ የደም ምት ይዳስሳል፤ ሳሉ ደረቅ ነው እርጥብ፣ የሚብሰው ቀን ነው ሌሊት፣ እንስሳው የሚሻው ሙቀት ነው ቅዝቃዜ ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ በመነሣት ሳሉን በዓይነት ይመድበዋል። እርጥብ ሳል ያለው፣ ወፍራምና ዝግተኛ ውሻ «የአክታ-እርጥበት» ዓይነት ይባላል። ደረቅ ሳሉ ማምሻውን የሚብስበትና ምላሱ ቀልቶ የደረቀበት ያረጀ ውሻ «የሳንባ ዪን ጉድለት» አለበት ይባላል።

ለመጀመሪያው ዓይነት በብዛት የሚጠቀሰው ቅመማ ኧር ቸን ታንግ ነው። ቅመማው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጠናቀረ የመንግሥት ፋርማሲ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ዋና ንጥረ ነገሮቹ ባን ሺያ የተባለው ሥር፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ፉ ሊንግ የተባለው ፈንገስና የሊኮሪስ ሥር ናቸው። ስሙ «ሁለቱ የቆዩት» እንደማለት ሲሆን ባን ሺያና ልጣጩ ከርመው ሲያድሩ እንደሚሻሉ ያመለክታል። ለሁለተኛው ዓይነት የሊሊ አምፖልን መሠረት ያደረገው ባይ ኸ ጉ ጂን ታንግ ይታዘዛል።

ይህ አመዳደብ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሐኪሙን የእንስሳውን አጠቃላይ ሁኔታ፣ ውፍረቱን፣ ምግቡንና እንቅልፉን እንዲመለከት ያስገድደዋል። ጉድለቱ ደግሞ አንዱ ዓይነት ብዙ መንስኤዎችን ሊሸፍን መቻሉ ነው። ብሮንካይተስ ያለበትም፣ የሳንባ ትል የገባበትም፣ ልቡ የሰፋበትም ውሻ ሁሉም «የአክታ-እርጥበት» ሊባሉ ይችላሉ። ምላስ የትል እጭ አያሳይም።

ሌላም ታሪካዊ ነጥብ አለ። ጥንታዊው የቻይና የእንስሳት ሕክምና ጽሑፍ በአብዛኛው ለሥራና ለጦርነት የሚያገለግሉትን እንስሳት፣ በተለይም ፈረስንና ከብትን፣ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1608 የታተመው ታዋቂው የዩዋን-ኸንግ መጽሐፍ በዋናነት ስለ ፈረስ ሕክምና የተጻፈ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለትንንሽ የቤት ውሾች የሚታዘዙት ቅመማዎች ብዙዎቹ ከሰው ሕክምና የተወሰዱ ናቸው። «የሺህ ዓመታት ልምድ» የሚለው ማስታወቂያ በውሻ ላይ ሲጠቀስ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል።

ከቅመማ ወደ ኬሚካል

ዕፀዋቱ ኃይል አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ክርክር በአንዳንዶቹ ላይ ከተዘጋ ቆይቷል። ማ ሁዋንግ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤፌድራ፣ ለአስምና ለሳል ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ዕፅ ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ ናጋዮሺ እ.ኤ.አ. በ1885 ኤፌድሪንን ከዚህ ዕፅ ለየ። ከዚያም ኬ. ኬ. ቸን እና ካርል ሽሚት በፔኪንግ ዩኒየን የሕክምና ኮሌጅ የማ ሁዋንግን ፍል ውኃ በሰመመን ላይ ላለ ውሻ በደም ሥር ሲሰጡ የደም ግፊቱ ሲያሻቅብና ልቡ ሲፈጥን ተመለከቱ፤ ስለ ኤፌድሪን አሠራር ያካሄዱትን ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1924 አሳተሙ። ኤፌድሪን ወደ ዘመናዊ ሕክምና የገባው በዚህ መንገድ ነው። የቻይና ዕፅ ለውሻ አካል ባዕድ እንዳልሆነ፣ ኃይሉም የዋዛ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ኤፌድሪን የሳንባ ቧንቧን ያሰፋል፤ በዚያው ልክ ልብን ያስጋልባል፣ ግፊትን ይጨምራል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ምሳሌ አለ፤ ጫት ውስጥ ከሚገኙት አነቃቂ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ካቲን በኤፌድራም ውስጥ ይገኛል። ልቡ ለታመመ ውሻ ማ ሁዋንግ ያለበትን ቅመማ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ዝምድና መገመት አያዳግትም። ውሾች ከመጠን በላይ ሲወስዱ መቅበጥበጥ፣ የሰውነት ሙቀት መጨመር፣ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ መሰል ምልክት ይታይባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፌድራ ያለባቸውን የሰው ተጨማሪ ምግቦች እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ አግዷል። ሆኖም ማ ሺንግ ሺ ጋን ታንግ የተባለው ታዋቂ የሳል ቅመማ ዛሬም ስሙን የሚጀምረው በዚሁ ዕፅ ነው። በዚያው ቅመማ ውስጥ የሚገባው የአፕሪኮት ፍሬ ደግሞ አሚግዳሊን አለው፤ አሚግዳሊን በአንጀት ውስጥ ሲበተን ሳያናይድ ይለቃል። መጠንና አዘገጃጀት ወሳኝ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

በአብዛኞቹ ቅመማዎች ውስጥ እንደ ማጣፈጫና ማስማሚያ የሚገባው የሊኮሪስ ሥርም ገለልተኛ አይደለም። በውስጡ የሚገኘው ግሊሲሪዚን ኮርቲሶልን ኃይል የሚያሳጣውን ኢንዛይም ያግዳል። በዚህም ሰውነት ጨው ይይዛል፣ ፖታሲየም ያፈሳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ውሻው ለልቡ ፉሮሴማይድ የሚወስድ ከሆነ ይህ መድኃኒት ራሱ ፖታሲየምን ያስወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ለብሮንካይተስ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነም ሊኮሪሱ የመድኃኒቱን ውጤት ሊያበረታው ይችላል። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሥሙ መመሳሰልና የፋብሪካው ምሥጢር

ከዕፁ ባሕርይ ሌላ ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው የስም መደበላለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፀዋት እንክብል የወሰዱ በርካታ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ምርመራው እንዳረጋገጠው ፋንግ ጂ በሚለው የጋራ ስም ምክንያት አንዱ ዕፅ በሌላው፣ ማለትም አሪስቶሎኪክ አሲድ ባለበት ዕፅ፣ ተተክቶ ነበር። አሲዱ ኩላሊትን ከማጥፋቱም በላይ ካንሰር አምጪ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ይበልጥ የሚያቀርበው የዚሁ ወገን ፍሬ የሆነው ማ ዶው ሊንግ ለዘመናት የታዘዘው በተለይ ለሳል መሆኑ ነው። የቻይና ፋርማኮፒያ ይህን ዕፅ ከመዝገቡ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 እትሙ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ይዘት ነው። የካሊፎርኒያ የጤና ባለሥልጣናት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ባሳተሙት ጥናት ከ260 የእስያ የተዘጋጁ መድኃኒቶች ውስጥ 83ቱ፣ ማለትም 32 በመቶው፣ ያልተገለጸ ዘመናዊ መድኃኒት ወይም ከባድ ብረት ተገኝቶባቸዋል። ከተገኙት መካከል ኤፌድሪን ይገኝበታል። አንድ ውሻ «በዕፁ» በፍጥነት ሲሻለው ያሻለው በእርግጥ ዕፁ መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ምርቱ በቤተ ሙከራ የተፈተሸ ከሆነ ብቻ ነው።

ባን ሺያን የመሰለ ዕፅ ደግሞ ጥሬው ራሱ አፍንና ጉሮሮን የሚያቃጥል መርዛማነት አለው፤ በባህላዊው ሥርዓት በዝንጅብል ወይም በአልም ሳይታከም አይሰጥም። ስለዚህ ከገበያ ገዝቶ በቤት ማፍላት ባህሉ ራሱ የማይፈቅደው ድፍረት ነው።

አመጋገብ፦ ሁለቱ ሕክምናዎች የሚገናኙበት ቦታ

የቻይና የምግብ ሕክምና ምግቦችን ሞቃት፣ ቀዝቃዛና መካከለኛ ብሎ ይከፍላል። ለአክታ ሳል ቅባት፣ ጣፋጭና የወተት ተዋጽኦ እንዲቀነስ ይመክራል፤ ለደረቅ ሳል ደግሞ እንደ ፒር ያሉ «አርጣቢ» ምግቦችን ያዛል። ወፍራም ውሻን ማቅጠን ከዚህ ምክር በተፈጥሮ የሚከተል ሲሆን፣ ዘመናዊው ሕክምናም በሙሉ ልብ የሚስማማው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በደረትና በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሳንባ እንዳይለጠጥ ይጫናል፤ የላላ የአየር ቧንቧ ላለበት ውሻ ክብደት መቀነስ ከሕክምናው ዋና ክፍሎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አዙሪት አለ። ለብሮንካይተስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ውሻው ይወፍራል፤ ውፍረቱ ሳሉን ያብሳል፤ ሳሉ ሲብስ መድኃኒቱ ይጨመራል። ሐኪሞች በጭንብል የሚሰጥ፣ በትንፋሽ የሚወሰድ ስቴሮይድን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ሌላው መንገድ የምግብ ስሌት ነው። አንድ ውሻ በዕረፍት ላይ የሚያስፈልገው ኃይል የሚሰላው ክብደቱን በኪሎ ወስዶ፣ ወደ 0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ፣ በ70 በማባዛት ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን፣ ትክክለኛ ክብደቱ ግን 6 ኪሎ ሊሆን የሚገባ ውሻ ቢኖር በ6 ኪሎ ስሌት በቀን 268 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መነሻ ይሆነዋል። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ80 እስከ 160 ግራም፣ ቢቀንስ ግቡ ላይ ለመድረስ ከ3 እስከ 7 ወር ይፈጅበታል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ቅመማ ይልቅ ውጤቱ በሚዛን ይታያል።

ከሰው ምግብ ወደ ውሻ ሳህን ሲሻገር የሚሠራ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ዝርያዎች በቻይናም በእኛም ቤት ለጉንፋንና ለሳል ይታመንባቸዋል። በውሻ ላይ ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳሉ። በክብደት ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በውሻ ደም ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣል፤ ለ6 ኪሎ ውሻ ይህ ከ90 እስከ 180 ግራም መሆኑ ነው። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። በሽንኩርት ቁሌት የተሠራ የወጥ ትርፍ ለውሻ መስጠት በተለመደበት አገር ይህ ነጥብ ከቻይና ሕክምናም አልፎ የሚሄድ ነው። ወይንና ዘቢብም ኩላሊትን ስለሚጎዱ ለውሻ አይሰጡም።

በቤት የሚዘጋጅ ምግብም በራሱ ዋስትና አይሆንም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አዘገጃጀቶችን መርምሮ 95 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። «ሳንባን የሚያረጥብ» ምግብ ለሁለት ቀን ማብላት አንድ ነገር ነው፤ ለዓመት ማብላት ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያ ስሌት የሚጠይቅ ሌላ ነገር ነው።

«ተሻለው» ማለት ምን ማለት ነው?

የውሾችን ሥር የሰደደ ሳል በቻይና ዕፀዋት ስለማከም በዕጣ ድልድል የተካሄዱ፣ ማን ምን እንደወሰደ ባለቤቱም ሐኪሙም የማያውቁባቸው ሙከራዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። የምናገኘው በአብዛኛው የግል ገጠመኝ ነው። ገጠመኝ ደግሞ በዚህ በሽታ ላይ በቀላሉ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የብሮንካይተስ ሳል በራሱ ይነሣል ይወድቃል፤ ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረውም ሳሉ በከፋበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ መሻሻሉ ያለምንም ሕክምናም ቢሆን የሚጠበቅ ነው።

ውሻ በመድኃኒቱ ስለማያምን ማስመሰያ መድኃኒት አይሠራበትም የሚል ክርክርም ይሰማል። እምነቱ ያለው ግን በሚመለከተው ሰው ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የመገጣጠሚያ ሕመም ጥናት ማስመሰያ የተሰጣቸው ውሾች አረማመዳቸው በኃይል መለኪያ ሰሌዳ ሲለካ ሳይለወጥ፣ ባለቤቶችና ሐኪሞች ግን መሻሻል አለ ብለው መዝግበዋል። ሳልን በጆሮ ብቻ መመዘንም ለዚሁ ስሕተት የተጋለጠ ነው።

ይህ ማለት ግን ዕፀዋቱ ሊጠኑ አይገባም ማለት አይደለም። ከቻይና መዛግብት ተነሥታ ቱ ዮዮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጭኩኝ ወገን ከሆነ ዕፅ ያገኘችው አርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላታል። ከዚያ የተገኘው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በአገራችን ላልተወሳሰበ የፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ሆኗል። ዕፁ በጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ የደረሰው ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ተነጥሮ፣ ተለክቶና ተፈትኖ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች ለሐኪምም ለተመራማሪም የሚጠቅም ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ መንስኤው በምርመራ ይለይ፤ የልብና የትል በሽታዎች ሳይወገዱ ቅመማ አይጀመር። ሁለተኛ፣ ውሻው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ከቅመማው ይዘት ጋር ይነጻጸር፤ በተለይ ማ ሁዋንግና ሊኮሪስ ይፈለጉ። ሦስተኛ፣ ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ውሻ «ወደ ተፈጥሯዊው ልሸጋገር» ተብሎ መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥበት፤ የኩላሊት ጫፍ ዕጢው ሆርሞን ማመንጨቱን ስላቀዘቀዘ ለሕይወት የሚያሠጋ ድክመት ሊደርስበት ይችላል። አራተኛ፣ ክብደት ይቀነስ፤ በአንገት ማሰሪያ ፈንታ የደረት ማሰሪያ ይደረግለት፤ ቤት ውስጥ የሲጋራና የዕጣን ጭስ ይራቅለት። አምስተኛ፣ ውጤት በቁጥር ይመዝገብ፤ በቀን የሚቆጠር የሳል ብዛት፣ ሳምንታዊ ክብደት፣ እንዲሁም ውሻው ተኝቶ ሳለ በደቂቃ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ይያዝ። የመጨረሻው ቁጥር በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለጥናት የሚቀረው መስክም ግልጽ ነው። በብሮንኮስኮፕ የተረጋገጠ ብሮንካይተስ ያለባቸው ውሾች፣ ይዘቱ በቤተ ሙከራ የታወቀ አንድ ቅመማ፣ ማስመሰያ የሚወስድ የማነጻጸሪያ ቡድንና በድምፅ መቅጃ የሚቆጠር ሳል ከተሟሉ ኧር ቸን ታንግ ከስቴሮይድ መጠን ላይ ጥቂት ሊያስቀንስ ይችል እንደሆነ መመለስ የሚቻል ጥያቄ ነው። ያ መልስ እስኪገኝ ድረስ ባለቤቱ ዛሬ ማታ በእርግጠኝነት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ ምግቡን መዝኖ ማቅረብና ውሻው ሲተኛ ሰዓት ይዞ ትንፋሹን መቁጠር።